የድንጋይ ወረፋ

ስደርስ አባቴ በትኬት መስኮቱ ፊት ቆሞ መስተዋቱን በጣቱ ያንኳኳ ነበር። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፤ እናቴ የሠራችለትን ኮፍያ አድርጓል፤ ለእህቴ የገዛነውን ሻሽና ሽቶ የያዘውን ካርቶን በብብቱ ሸጉጧል። ለሰርግ የተነሣ ሰው እንጂ ከመንገድ የተመለሰ ሰው አይመስልም። ከመስኮቱ ጎን ያለው የብረት በር ተቆልፏል። ከበሩ ባሻገር ጀልባው በገመዱ እንደታሰረ ነው፤ ሞተሩ እንኳ አልተነሣም።

"አባ፣ ለምን አልገባህም?"

"ቀርተሃል ይሉኛል" አለ ዞር ሳይል። "እዚህ ቆሜ እያዩኝ ቀርተሃል ይሉኛል።"

ያን ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ የእህቴ የመዲና ኒካሕ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ላይ ይታሰራል። እናቴና ዘመዶቻችን እዚያው ናቸው፤ የሙሽራው የጀውሃር ወገኖችም ከማክሰኝት መጥተው አድረዋል። አባቴ ባሕር ዳር የቆየው ለአንድ ሎጅ የታዘዘ ታንኳ ሠርቶ ለማስረከብ ነበር። ሰሞኑን ደንገሉን እያሰረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ቃል ሲለማመድ እሰማው ነበር፤ "ልጄን መዲናን ድሬልሃለሁ።" አንዳንዴ መሐል ላይ ይቆምና ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ይህን ቃል የሙሽራውን እጅ ይዞ መናገር የአባት ነው። የመኪናው መንገድ ተዘግቷል፤ በታንኳ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሌላ ጀልባ እስከ ሰኞ የለም። ወይ በዚህ ጀልባ ይሄዳል፣ ወይ ልጁን ሌላ ሰው ይድርለታል።

እኔ በማግስቱ የመውጫ ፈተና ስላለብኝ የመጣሁት ልሸኘው ብቻ ነበር። ትኬቱን በስልኬ የቆረጥሁለትም እኔ ነኝ።

በእኛ ወደብ ወረፋ በድንጋይ ይያዛል። ገና ሳይነጋ የመጣ ሰው ድንጋዩን ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ይሳለማል፣ መስጊድ የሚሰግድ ይሰግዳል። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላህ ያለው ሰው ድንጋይህን በእግሩ ገፋ ያደርግልሃል። የድሮው ጀልባ ካፒቴን ባለቤቱ ያልመጣ ድንጋይ ካየ "የማን ነው?" ብሎ ይጣራል እንጂ ገመድ አይፈታም። አባቴ በዚህ ሕግ አርጅቷል። ያን ዕለትም ከሱብሒ በፊት መጥቶ ድንጋዩን አስቀመጠ፣ ሄዶ ሰገደ፣ የልጁ ቀን ነውና መስጊድ ቁጭ ብሎ ዱዓውን አስረዘመ። ድንጋዩ ቆሞልኛል ብሎ ነው።

አዲሱ የጀልባ ድርጅት ግን ድንጋይ አይቆጥርም።

"ድንጋዮቹን የጠረግሁት እኔ ነኝ" አለ ጥበቃው ሣህሉ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ። ዓይኔን አላየኝም።

"አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህ? ድንጋዩ ምን እንደሆነ አታውቅም?"

"አውቃለሁ እንጂ። ከአባትሽ ድንጋይ ኋላ የነበሩት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስም 'ተው፣ ይኸ የቡርሀን ነው' ብለውኛል። ግን 'ግቢው ውስጥ አንድ ድንጋይ እንዳላይ' ተባልሁ። እንጀራዬ ነው እህቴ።"

"ውድ ደንበኞቻችን፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀንሱ" የሚል ድምፅ በመስተዋቱ ቀዳዳ ወጣ። ከኋላው የተቀመጠው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ "ነስረዲን፣ የደንበኞች አገልግሎት" የሚል ባጅ ለጥፏል። በአነጋገሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። "ለአባታችን አስረድቻቸዋለሁ" አለኝ። "ተሳፋሪ ጀልባው ከመነሣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት በአካል ካልተገኘ ቦታው ተሰርዞ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሲስተሙ ላይ 'አልተገኙም' ተብለው ተመዝግበዋል።"

"ይኸው ተገኘሁ" አለ አባቴ።

"አሁን ነዋ አባቴ።"

"እሺ፣ አሁን ጀልባው የት ነው?"

ነስረዲን አንገቱን አስግጎ በጎን መስኮት አየ። "እዚህ ነው።"

"እኔስ?"

"እርስዎም... እዚህ ነዎት።"

"ታዲያ ያልተገኘው ማን ነው?"

ነስረዲን ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። "መመሪያው እዚያ ተለጥፏል።"

አነበብሁት። ከላይ በትልቁ "የተሳፋሪዎች መመሪያ" ይላል። የተሰረዘ ትኬት አይመለስም፤ የአንዱ ትኬት ለሌላው አይተላለፍም፤ የዘገየ ተሳፋሪ አይስተናገድም። ከታች ደግሞ፦ "ተሳፋሪዎች ለደኅንነታቸው ሲባል ከሐዲዱ ጠርዝ ራቅ ብለው እንዲቆሙ እናሳስባለን። ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው መሸጋገር ክልክል ነው።"

ድጋሚ አነበብሁት፤ በዚህኛው ጮክ ብዬ። አጠገባችን ቆሮሶ ዓሣውን ዘርግቶ የሚሸጠው ሙኽታር ቢላዋውን አስቀምጦ መጣ።

"ሐዲድ? ሐዲዱ ውኃው ሥር ነው እንዴ?"

"የባቡር ሕግ ገልብጠው ነው የለጠፉት" አልሁ።

"ባቡር ይመጣላችኋል እያሉን ስንጠብቅ ኖርን" አለ ሙኽታር፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። "ሕጉ ቀድሞት ከች አለ!"

ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ውሸት አይደለም፣ ያስቃል፤ ግን አባቴን በር ላይ ያቆመው ይኸው የሚያስቀው ወረቀት ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ስለ እኛ ያላሰበበት፣ ጀልባ ይሁን ባቡር አይቶ እንኳ ያላስተካከለው ወረቀት ነው "ቀርተሃል" ያለው።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁት እጄን አላነሣም። ያን ዕለት ግን መስኮቱ ላይ ተጠጋሁ። "በሩን ክፈትለት። ከዚህ እዚያ ሃያ እርምጃ አይሆንም" አልሁት።

"ልረዳዎት ብፈልግም አልቻልኩም። ሲስተሙ ተዘግቷል። ቅሬታ ካለዎት በነፃ የስልክ መስመራችን ይደውሉ፤ ቁጥሩ ትኬቱ ላይ አለ።"

ደወልሁ። ከመስተዋቱ ኋላ፣ ከነስረዲን ክርን አጠገብ ያለው ስልክ ጮኸ። አየኝ። አየሁት። ትንሽ አስጮኸውና አነሣው።

"እንኳን ወደ ደንበኞች አገልግሎት በደኅና መጡ። ነስረዲን እባላለሁ፤ ምን ልታዘዝ?"

ድምፁ በአንድ ጆሮዬ በስልኩ፣ በሌላው በመስተዋቱ ቀዳዳ መጣልኝ።

"በሩን ክፈት" አልሁት።

"ቅሬታዎን ተቀብለናል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጥዎታለን።"

"ነስረዲን፣ እያየሁህ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ግን ጥሪው ይቀዳል።"

ስልኩን ዘጋሁት። እጄ ላይ ያለው ነገር ስልክ ባይሆን ኖሮ መስተዋቱ ላይ እወረውረው ነበር።

በዚህ መሐል ከጀልባው ላይ ጩኸት ተሰማ። ወደ ደቅ ደሴት የሚሄዱት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው የጀልባውን ብረት ተደግፈው ቆመዋል።

"ቡርሀን! ምን ትጠብቃለህ? ከጎኔ ባዶ ነው! ከኋላዬም ባዶ ነው! ና ግባ እንጂ!"

"ሰማህ?" አልሁት ነስረዲንን። "ለተጠባባቂ ተሰጥቷል አላልህም?"

"የተያዘ ነው።"

"በማን?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በድርጅቱ እንግዶች።"

"እንግዶቹ የት አሉ?"

ድምፅ ማጉያው በእሱ ፋንታ መለሰ፤ ጀልባው በቴክኒክ ምክንያት ጥቂት እንደሚዘገይና ድርጅቱ ይቅርታ እንደሚጠይቅ በሚያምር የሴት ድምፅ ነገረን። አባቴ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና ብሎ አየ።

"ጀልባው ሲያረፍድ ይቅርታ ይባላል ማለት ነው" አለ። ከዚያ የብረቱን በር ሄዶ ያዘ። ትኬቱ ያለበትን ስልክ ከእጄ ወስዶ ክንዱን በብረቶቹ መሐል አሾለከና ወደ ጀልባው ዘረጋው፤ ካፒቴኑ አይቶ እንዲጠራው ነው። ካፒቴኑ አየው። ከዚያ ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ ዞረ። አባቴ ስልኩን መለሰልኝ።

ፀሐይ ከዘንባባዎቹ በላይ ስትወጣ አንዲት ነጭ መኪና መጣች። አራት ሰዎች ወረዱ፤ አንዱ የጥቁር መነጽሩን ጫፍ በጣቱ እያስተካከለ "ቁርስ ላይ ትንሽ ቆየን" አለ፣ እየሳቀ። ሣህሉ ሮጦ በሩን ከፈተ። እውነቱን ለመናገር፣ በሩ ሲከፈት ያን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን ሳይ ነው ይበልጥ የተቃጠልሁት። አንድ ቁልፍ ነው። አንድ ጊዜ መዞር ነው።

አባቴ ከእንግዶቹ ኋላ ሊገባ እግሩን አነሣ። ሣህሉ መጥረጊያውን አግድም ያዘበት።

"ጋሽ ቡርሀን፣ በአላህ፣ በልጆቼ..."

"እኔም ልጅ አለኝ!" አለ አባቴ። ካርቶኑ ከብብቱ ወደቀ። "አንተ ሣህሉ፣ የእኔም እኮ ልጅ ናት!"

በሩ ተቆለፈ። ሞተሩ ተነሣ። እማሆይ እጃቸውን እያወናጨፉ ከካፒቴኑ ጋር ሲጣሉ ይታየኛል፤ የሚሉት ግን በሞተሩ ጩኸት አልሰማ አለኝ። ጀልባው እምቦጩን ገፍቶ ወጣ፤ ከደሴቶቹ መሐል እስኪገባ ድረስ አባቴ ብረቱን እንደያዘ ነበር። አላለቀሰም። መንጋጋው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንዳች ጠጣር ነገር እንደሚያኝክ።

ስልኬ ጠራ። መዲና ናት።

"አባ ጀልባ ላይ ነው? እስካሁን አልደወልሽልኝም እኮ።"

አባቴ ስልኩን ተቀበለኝ። ምን እንዳላት አልደግመውም፤ አጭር ነበር። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ በመጨረሻ ሼኹ መጡ። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው ኖሯል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትሁት።

"ቡርሀን፣ ድግሱ ደርሷል፤ ሰው ተሰብስቧል። ወደ ሰኞ አናሻግረውም" አሉ። "በስልክ ደግሞ ኒካሕ አላስርም። ውክልናህን ግን እቀበላለሁ። ወንድምህን ኑርዬን ወክል፤ እሱ ይዳራት። ሁለት ሙስሊም ወንዶች አጠገብህ ቆመው ሲሰሙህ ስማቸውን ለእኔ ይንገሩኝ። ደግሞ ፍጠን፤ ይኸ ስልክ ከተቆረጠ ተመልሶ መምጣቱን እንጃ።"

አባቴ ጀልባው ወደ ሄደበት አየ። ከአጎቴ ከኑርዬ ጋር ጠብ የላቸውም፤ ደግ ሰው ነው። ነገሩ እሱ አይደለም። "እሺ" የሚለውን ቃል ለማውጣት አባቴ የከፈለውን ያወቅሁ እኔ ነኝ።

"እሺ" አለ።

ሙኽታር እጁን በሽርጡ ጠርጎ አጠገቡ ቆመ። አንድ ተገኘ። ዙሪያውን አየን። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ሐይቅ ላይ ናቸው። ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች አሉ፤ እኔም አለሁ፤ የእኛ መስማት ግን አይቆጠርም።

"እኔ ልመስክርልዎ?" አለ ሣህሉ፣ ራሱን እያከከ።

"አንተ ክርስቲያን ነህ ሣህሉ" አለው ሙኽታር። "ለኒካሕ ነው የምንልህ፣ ለመጥረጊያ አይደለም።"

በዚህ ጊዜ ከመስኮቱ ጎን ያለች ጠባብ በር ተከፈተችና ነስረዲን ወጣ። ከመስተዋቱ ውጭ ሲያዩት አጭር ነው። ባጁን በመዳፉ ሸፍኗል።

"አባቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ" አለ። "ልስማልዎት።"

ደስ አለኝ። አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ሊያልቅልን ነው ብዬ። አባቴ ግን ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ምስክር የሚናገረው ያየውን ነው። አይደል?"

"ነው።"

"ጠዋት ፊትህ ቆሜ አይተኸኛል?"

"አይቼዎታለሁ።"

"ምን ብለህ ጻፍህ?"

ነስረዲን መሬት መሬት አየ።

"ምን ብለህ ጻፍህ ነው የምልህ!"

"...አልተገኙም።"

"እንግዲህ ነገ አንድ ሰው 'የልጅቷ አባት ነበረ ወይ? ሲናገር ሰምተሃል ወይ?' ቢልህ ምን ልትመልስ ነው?"

"እኔ አይደለሁም እኮ አባቴ፤ ሲስተሙ ነው።"

"ሲስተሙ ሙስሊም ከሆነ እሱን ጥራልኝ!" አለና ዞረ። "ቆሜ እያየኝ የለህም ያለ ሰው በልጄ ኒካሕ ላይ ስሙ አይጠራም። ሙኽታር፣ ና። ሳዲያ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው።"

"አባ፣ ይቆረጣል! እባክህ እሱው ይስማ!"

አልሰማኝም። በግቢው በር ወጥቶ ወደ አስፋልቱ መሄድ ጀመረ፤ ሙኽታር የዓሣ ቅርፊት በተለጠፈበት ሽርጡ፣ እኔ ስልኩንና ካርቶኑን ይዤ እንከተለዋለን። ከስልኩ ውስጥ ሼኹ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላሉ። "አለን፣ አለን፣ አንድ ደቂቃ ሼኽ" እላለሁ።

አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ የመጀመሪያዋን ባጃጅ በእጁ አስቆመ።

"ሙስሊም ነህ?"

ሾፌሩ ገና ወጣት ነው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። በዚህ ዘመን ሃይማኖትህን መንገድ ላይ ለሚጠይቅህ ሰው አትቆምም። ሳይመልስ ነድቶ ጠፋ። አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው በእግሩ ሲያልፍ አባቴ እሱንም ጠየቀው፤ ሰውየው መንገዱን ተሻገረ።

"ሃሎ?" አሉ ሼኹ። ድምፃቸው መቆራረጥ ጀምሯል።

"አባ፣ እየጠፉ ነው!"

አባቴ አስፋልቱ መሐል ገባ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሦስት ሰው የጫነች ባጃጅ ጉልበቱ ሥር ስትደርስ ጮኻ ቆመች፤ የፊት መስተዋቷ ላይ ተስቢሕ ተንጠልጥሏል።

"ሰውዬ፣ አብደሃል? ልገጭህ ነበር እኮ!" አለ ሾፌሩ።

"ሙስሊም ነህ?"

"አልሐምዱሊላህ። ምን ሆነሃል?"

"ውረድ። ቃል ስማልኝ።"

"የምን ቃል? ሰው ጭኛለሁ እኮ አባት።"

"ቢሮ ረፈደብን!" አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ። "ምን ዓይነት ነገር ነው! ሂድ ንዳው እንጂ!"

"ልጁን ሊድር ጀልባ ከለከሉት" አልሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። "ውክልና ሲሰጥ ሁለት ሰው መስማት አለበት። አንድ ነው ያገኘነው። ስልኩ ሊቆረጥ ነው።"

ሾፌሩ አባቴን አየ፤ ጀለቢያውን አየ፤ ቁልፉን አዞረና ወረደ። ከኋላችን ሚኒባስ ቆሟል፤ ከሚኒባሱ ኋላ አይሱዙ፤ ከእሱም ኋላ ሌሎች። ጡሩንባቸውን ለቀቁት። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይሳደባል። ሼኹ የሚሉት አይሰማኝም፣ እኔ የምለውም አይሰማቸውም።

አባቴ ወደ መኪኖቹ ዞረ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ሐይቅ ላይ ማዕበል ሲመጣ እንኳ።

"ቆዩ! ልጄን እየዳርሁ ነው!"

መጀመሪያ ሚኒባሱ ዝም አለ። ከዚያ አይሱዙው። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ "ዝም በሉ፣ ሰርግ ነው!" ሲል ሰማሁ። ስልኩን ወደ አባቴ አፍ አስጠጋሁ።

"እኔ ቡርሀን ይማም፣ ልጄን መዲናን ለጀውሃር እንዲድርልኝ ወንድሜን ኑርዬን ወክያለሁ።"

እንደ እርግማን ነው የወጣው።

"ቡርሀን" አሉ ሼኹ ከሩቅ፣ "የሰርግ ቃል በቁጣ አይሰጥም። ረጋ ብለህ ድገመው።"

"አልረጋም" አለ አባቴ። "እዚያ ብሆን ረግቼ እላት ነበር። ከዚህ የሚመጣላት ይኸው ነው። ሰማችሁ ወይስ አልሰማችሁም?"

"ይሁን፤ ምስክሮቹ ይናገሩ" አሉ ሼኹ።

"ሙኽታር ነኝ፤ ሰምቻለሁ" አለ ሙኽታር።

ሾፌሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። "ኢዘዲን እባላለሁ። አባትየው ከፊቴ ቆመዋል። ሰምቻለሁ።"